«ለጊዜው» ተብሎ የታሰረውን መፍታት፦ አሮጌ ላንድክሩዘር በጎንደር ግቢ ውስጥ

መኪናዋን ግቢ ባስገባሁ ማግስት የፊውዝ ሳጥኗን ስከፍት ሦስት ነገር አገኘሁ፤ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለ የተቃጠለ ፊውዝ፣ ታጥፎ የተሰካ የመዳብ ሽቦና አንዲት የሴት ፀጉር ማስያዣ። ማስያዣዋ የግንባር መብራቱን ተሸክማ ስንት ክረምት እንደከረመች እግዜር ይወቀው። ባለቤቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻትና «ይቺማ ደህና ናት፣ አጥቤ አደርጋታለሁ» አለች። አደረገቻትም።

መካኒክ አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቱሪስት ይዤ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ የሰሜን ተራሮች ካምፖች ወደሆኑት ሳንቃበርና ጨነቅ ስመላለስ ነው። ሥራው ሲቀዘቅዝ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ እ.ኤ.አ. የ1993 ላንድክሩዘር ገዛሁ። ሰባ አምስት የምትባለዋን ሞዴል ማለቴ ነው፤ ረጅሟን፣ ከኋላ ሰው ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥባትን። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ፣ 4,164 ሲሲ ነው። አዘዞ ካለው ቤቴ ጓሮ፣ ቆርቆሮ ጣል አድርጌ፣ በሁለት በጋ ሠራኋት። እናንተም ግቢያችሁ ውስጥ አንድ የቆመች ካለች፣ በየት በኩል እንደሚጀመር ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። እነዚህን መኪኖች ያደከማቸው ዕድሜ ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ የቀረ ሹፌር «ለጊዜው» ብሎ ያሰረው ሽቦ፣ መካኒክ «ለጊዜው» ብሎ አውጥቶ የጣለው ዕቃ፣ ባለቤት «ለጊዜው» ብሎ የለጠፈው ላሜራ አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረብ ሠላሳ ዓመት ሞላው። እኔም በዘመኔ ብዙ አስሬአለሁና ማንንም አልወቅስም። ማደስ ስትሉ ከሥራው ግማሹ ይህንን እየፈለጉ መፍታት ነው። አዲስ ዕቃ መግዛት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከመግዛት በፊትና ከመፍታት በፊት

መዶሻ ይዛችሁ ሻንሲው ሥር ግቡ። ደህና ብረት ሲመታ ይጮሃል፤ የበሰበሰ ይደነቁራል። በተለይ የኋላ ባሌስትራ ከሻንሲው የሚያያዝበትን ቦታ፣ አካሉ ሻንሲው ላይ የሚቀመጥባቸውን ጎሚኒዎች ዙሪያ፣ የፊት መስታወቱን የታች ማዕዘኖች፣ ጣራው ዙሪያ ያለውን የዝናብ አሸንዳና የኋላ በሮችን ታች እዩ። በእግር መርገጫው ላይ ያለውን ምንጣፍ አንሱት። ምንጣፉ አልነሳ ካለ ከሥሩ አዲስ ሬንጅ ተቀብቷል ማለት ነው፤ ሬንጅ ደግሞ ያለ ምክንያት አይቀባም።

ቀጥሎ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ፤ ፊደል በፊደል። ሞተሯ በመሃል ተቀይራ ከነበረና ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ፣ ለቦሎ ምርመራ ስትወስዷት ወገባችሁን የሚይዛችሁ እሱ ነው።

ግቢ ከገባች በኋላ ቁልፍ አታንሱ። መጀመሪያ እጠቧት፤ ሥሯን በደንብ። ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ የፈለጋችሁትን ያህል አንሱና በእጥፍ ጨምሩበት። ቡሎን ስትፈቱ ከተቻለ ዳዶውን መልሳችሁ እዚያው ጥለፉት። ካልተቻለ የሁለት ሊትር የውሃ ላስቲክ አፉን ቆርጣችሁ፣ በውስጡ አድርጋችሁ፣ ላዩ ላይ ጻፉ። «የግራ ፊት እግር፣ የላይ» ብሎ መጻፍ ያኔ ሞኝነት ይመስላል። ሦስት ወር ቆይታችሁ ስትመለሱ ግን ያ ጽሑፍ አንድ መካኒክ ያህል ነው።

በክሪክ ብቻ በተነሳች መኪና ሥር አትግቡ። ሁለት ጠንካራ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) አስበይዱ። ድንጋይ ይሰነጠቃል፣ ብሎኬት በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። አጥንት እስኪሰበር ድረስ የሚጠብቁት ነገር አይደለም።

ሽቦው

ብዙ ሰው ከሞተር ይጀምራል። እኔ ከሽቦ ጀመርኩ። የሚበላው ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ሲቀጣ ግን መኪናዋን ከነግቢው ያቃጥላል።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉና ናስትሮ (የሽቦ ፕላስተር) የተጠቀለለበትን ቦታ ሁሉ ፈልጉ። የፋብሪካው ሽቦ በወጉ በአንድ ሽፋን ተይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ ውጪ ተንጠልጥሎ የምታዩት የሰው እጅ ነው። እኔ ከዳሽቦርዱ ሥር የየትም የማይሄዱ አሥራ አንድ ሽቦዎች ቆርጬ አወጣሁ፤ ያለፉት ባለቤቶች የተከሏቸው የሬዲዮ፣ የሳይረንና የምን እንደሆነ ያልታወቀ ሌላ ነገር ቅሪቶች ናቸው።

ቀጥሎ መሬቱን ፈትሹ፤ ኔጋቲቩን ማለቴ ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጉና ሰው ቁልፍ ያዙርላችሁ። ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ሲዞር ቴስተሩ ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ተበላሽቷል። የእኔ ከአንድ ቮልት በላይ አነበበ። ጨረታው ላይ «ባትሪዋ ደካማ ናት» የተባልኩት ባትሪዋ ምንም ሳትሆን ነበር። ከባትሪ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ሻንሲ፣ ከሻንሲ ወደ አካል ያሉትን ሦስቱን ገመዶች ቀይሬ፣ የሚታሰሩበትን ብረት እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አሰርኳቸው። በአንድ ጊዜ ትነሳ ጀመር።

አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዋ 12 ትሁን 24 ቮልት በቴስተር አረጋግጡ። ሁለት ባትሪ ስላላት 24 ናት ማለት አይደለም፤ ጎን ለጎን ተያይዘው 12 የሚሰጡ አሉ። የሞተር ማሞቂያው ካንዴሌታ የ12ቱ 24 ላይ ሲገባ አንድ ጠዋት ብቻ ነው የሚያገለግላችሁ።

የግንባር መብራቱ ለምን ደከመ? ሁለቱ አምፖሎች አጭሩ (የቅርቡ) መብራት ላይ 55፣ 55 ዋት ይበላሉ፤ ተደምሮ ወደ 9 አምፔር ይመጣል። ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ በሠላሳ ዓመት ማብሪያና በቀጭን ሽቦ ሲያልፍ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ሁለት ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ) ገዝታችሁ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ፣ በፊውዝ አሳልፋችሁ በቀጥታ አገናኙ፤ የድሮው ማብሪያ ሪሌውን ብቻ ያዝዝ። ከዚህ የረከሰና ከዚህ የሚበልጥ ማሻሻያ አላውቅም። እኛ ሰፈር ኤልኢዲ ገዝቶ በዚያው በበሰበሰው ሽቦ ላይ የሰካ አለ፤ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ማሳወር ካልሆነ ያገኘው ነገር የለም።

ዝገት

ዝገት ላይ ስቱኮ አይመረግም። ይህንን የማያውቅ የለም፣ የማያደርገውም የለም። የእኔን የግራ በር በግራይንደር ስነካው ስቱኮው እንደ ጠፍጣፋ ዳቦ ተቆርሶ ወደቀ፤ በጣቴ ስለካው ሁለት ጣት ይወፍራል። ከሥሩ ላሜራ አልነበረም፤ ጋዜጣ ነበር።

ደህና ብረት እስክታገኙ ቁረጡ። ለአካሉ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይበቃል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ አታድርጉበት፤ የተቀባው ዚንክ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ያሳምማል፣ ብየዳውም አይያዝም። ወፍራም ብረት በኤሌክትሪክ ብየዳ የሠራ ሰው ሁሉ ቀጭን ላሜራ ይችላል ማለት አይደለም። እኔ ራሴ ሞክሬ አንዱን ቀዳዳ አራት አደረግሁት። ጎረቤቴ ባትላሜራ (የመኪና አካል ሠሪ) ነው፤ ከአጥር በላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆይቶ «ጋሼ፣ እርስዎ እየቆረጡ ያቀብሉኝ፣ እሳቱን ለእኔ ይተዉት» አለ። በካርቦን ጋዝ፣ ነጥብ ነጥብ እያደረገ፣ አንዱ ጫፍ እስኪበርድ ሌላው ጫፍ እየሄደ ያዘው። ላሜራ በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ይጣመማል። ኤሌክትሪክ ብየዳ ስትጠቀሙ ባትሪውንም የዲናሞውንም ሽቦ ንቀሉ። ነዳጅ ታንከሩ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ታንከሩን አውርዱት፤ «ባዶ ነው» አትበሉ፣ ባዶው ይብሳል።

ከውጭ የሚታየውን ሁሉም ይቀባል። መኪናን የሚበላው ግን ከውስጥ፣ እጅ የማይገባበት የሻንሲ ጎድጓዳና የበር ሆድ ነው። መጀመሪያ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈቱ፤ የኔ ሁሉም በጭቃ ተደፍነው ነበር። ከዚያ ይህችን የራሴን መላ ሞክሩ፤ ከቅዳሜ ገበያ ንጹህ ሰፈፍ ገዛሁ። አንድ እጅ ሰፈፍ በሦስት እጅ አዲስ የሞተር ዘይት አድርጌ፣ ጣሳውን የፈላ ውሃ ድስት ውስጥ አስቀምጬ አቀለጥኩት። እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም፣ ይቀጣጠላል። በሙቀቱ እያለ በኮምፕሬሰር በረጅም ቀጭን ቱቦ በየቀዳዳው ረጨሁት። ዘይቱ ስንጥቁ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሰፈፉ ሲበርድ ይይዘዋል። ግቢው የጧፍ ሽታ ሸቶ ቤተ ክርስቲያን መሰለ፤ ከሰዓት በኋላ ንብ መጣብን። ሁለት ክረምት አልፎበት በሩን ከፍቼ አይቻለሁ፤ እንደተቀባ አለ።

ሥራውን ከጥቅምት በኋላ ጀምሩት። በሐምሌና በነሐሴ የጎንደር ዝናብ የተላጠ ብረት ጠዋት ተልጦ ማታ ይዝጋል።

የፊት እግር

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ጋራዥ ስትሄዱ በብዛት ግማሽ ተሠርቶ የሚመለሰው ይህ ነውና።

ጎማው ሲታጠፍ አብሮ የሚዞረውን ትልቅ የብረት ኳስ ከጎማው ጀርባ ታዩታላችሁ። በውስጡ የሰሚያሴው ጁንቶ፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መታጠፊያ፣ አለ፤ ግራሶ ይሞላበታል። ከዲፈረንሻሉ የሚመጣው ዘይት እዚያ እንዳይገባ የሚከለክል አንድ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) አለ። እሱ ሲያረጅ ዘይቱ ግራሶውን አቅጥኖ እንደ ሾርባ ያደርገውና በኳሱ ላይ ይወርዳል። «ለጊዜው» እዚህ ላይ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከውጭ ግራሶ መጨመር። የእኔን ስከፍት ጥቁር ሾርባው ግማሽ ባልዲ ሞላ።

መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ጁንቶው ተበልቷል። ከሌለ ፓራኦሊዮ፣ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) እና ማኅተሞቹን ለውጦ ማጠብ ይበቃል።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ጎማው ይወርዳል። ካሊፐሩ ተፈትቶ በሽቦ ባሌስትራው ላይ ይታሰራል፤ በፍሬን ቱቦው እንዲንጠለጠል አትተዉት። ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት መሃል) ፊት ያሉት ስድስቱ ዳዶዎች ሥር ሾጣጣ ሮንዴላዎች አሉ፤ እነሱ ናቸው ሰውን የሚያስለቅሱት። ዳዶዎቹን እስከ ጫፍ ብቻ መልሱና የነሐስ ቁራጭ ይዛችሁ ዙሪያውን ኳ ኳ አድርጉ፤ ሮንዴላዎቹ ራሳቸው ብቅ ይላሉ። በመሮ ልታወጧቸው ከሞከራችሁ ሞዞውን ታበላሻላችሁ።

ውስጥ ያሉት ሁለት ትልልቅ ዳዶዎች የ54 ሚሊ ሜትር ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚጠልቅ ጎድጓዳ መፍቻ) ይፈልጋሉ። የእኔ ዳዶዎች ዙሪያቸውን በመሮ ተደብድበው የአይጥ ጥርስ የነካው ቆሎ መስለው ነበር። ከእኔ በፊት የነካቸው ሁሉ በመሮና በመዶሻ ነው የፈታቸው፤ ያሰራቸውም እንዲሁ። በመሮ የታሰረ ዳዶ ምን ያህል እንደጠበቀ ማንም አያውቅም። ቡሶላ ካላገኛችሁ ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ከወፍራም ቧንቧ አሠሩ፤ አንድ ጊዜ ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው።

አሁን የእኔን ጥፋት ስሙ። እግሩን ከላይና ከታች የሚይዙት ኩሽኔታዎች ሥር ስስ ስስ ስፔሶሮች አሉ። የእግሩን ጥብቀት የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ የላዩ ከታቹ፣ የግራው ከቀኙ ይለያል። እኔ ሁሉንም በአንድ ሣህን ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፌ አጠብኳቸው። እንደ ጨረቃ አብርተው ወጡ፤ የቱ የየት እንደሆነ ግን ጠፋኝ። በግምት አስገባሁ። መሪው ደርቆ እንደ ጭነት መኪና ሆነ፤ ከታጠፈ በኋላም ወደ ቦታው አልመለስ አለ። ሁለቱንም እግር ዳግም ፈታሁ። እናንተ የላዩን በአንድ ላስቲክ፣ የታቹን በሌላ፣ ጻፉበት።

ሁሉም በናፍጣ ታጥቦ ይድረቅ። ጁንቶውን ስትመልሱ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛውሩት፤ ወደፊት ስትነዱ የሚበላው አንድ ጎኑ ብቻ ስለሆነ ያልተበላው ጎን ሥራ ይጀምራል። በጁንቶው ውስጥ ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁር ግራሶ፣ በሞዞው ኩሽኔታ ውስጥ የተለመደው የኩሽኔታ ግራሶ ይግባ። ኩሽኔታውን ላዩን አትቀቡት፤ መዳፋችሁ ላይ ግራሶ አድርጋችሁ የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ በሱ ላይ ጫን ጫን አድርጉ፤ በሌላኛው በኩል ብቅ እስኪል።

የመጀመሪያውን ዳዶ ሞዞውን እያዞራችሁ አጥብቁ፣ ኩሽኔታዎቹ ቦታ እንዲይዙ ወዲያ ወዲህ አዙሩት፣ ከዚያ አላሉት፣ እንደገና ጥቂት ክብደት እስኪሰማችሁ ብቻ አጥብቁ። ጎማው ገብቶ ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትወዘውዙት ምንም መንቀሳቀስ የለበትም፤ ስታዞሩት ግን ሳይከብድ መዞር አለበት። መቆለፊያ ሮንዴላውን ማጠፍ አትርሱ። መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ሞዞውን በእጃችሁ ዳብሱት፤ ካቃጠለ ጠብቋል።

ፍሬን

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ስለ ፍሬን ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በገደሉ ላይ የቀረጹት መንገድ ነው፤ ዛሬም ፍሬን የሚፈተንበት እዚያ ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲሱ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ መኪናዋ ስንት ጊዜ ቆማ እንደነበር ካላወቃችሁ ሙሉውን አፍስሳችሁ ቀይሩ። ከፍሬን ፓምፑ የራቀውን እግር አስቀድሙ፤ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ እያላችሁ አየሩን አስወጡ።

የፍሬኑን የላስቲክ ቱቦዎች ከውጭ ደህና ቢመስሉም ቀይሩ። ሲያረጁ ከውስጥ ያብጡና ዘይቱን አስገብተው አያስመልሱም፤ አንዱ እግር እንደታሰረ ይቀራል፣ ይሞቃል። የእኔ የኋላ ግራ መስመር ላይ ደግሞ ቧንቧው ተቆርጦ በቡሎን ተደፍኖ አገኘሁት። በሦስት እግር ፍሬን ስትነዳ ኖራለች። በጨረታው ዕለት ሞክሬያት ስትቆም ወደ ቀኝ ሳብ ታደርግ ነበር፤ መንገዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ውሃና ሙቀት

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,130 ሜትር ነው። እዚህ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 3,600 ሜትር ያለችው ጨነቅ ላይ በ88። ሞተር ደግሞ ከዚያ በላይ የሚሞቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ራዲያተሩ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ከተጻፈ ያ ግፊቱ ነው፤ የሚሠራ ከሆነ ጎንደር ላይ መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን የተጣለ ክዳን ነው። ከሁሉ የሚረክስ ዕቃ ነው፣ ሰው ግን ራዲያተር ቀይሮ የድሮውን ክዳን ይመልስበታል።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱ። በእኛ አገር ሞተር ሲሞቅ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው፤ የእኔም ወጥቶ ነበር። ቴርሞስታት ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ውሃውን ወደ ሞተሩ መልሶ የሚያዞረውን አጭር መንገድ ይዘጋል። አውጥታችሁ ስትጥሉት አጭሩ መንገድ ክፍት ይቀርና ከውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ ይመለሳል። ዳገት ላይ ትሞቃለች፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ሳትሞቅ ትሄዳለች፣ ናፍጣ ትበላለች። ደህናውን መልሱ። ከመግባቱ በፊት በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ አፍሉት፤ አፉን ሲከፍት በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከምንጭም ከቧንቧም ውሃ አትጨምሩ፤ ኩላንትና የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ግማሽ በግማሽ።

ሞተሩ

ዋን ኤች ዜድ ካልተበደለ አይሞትም። ስለዚህ ሳይፈታ በፊት ጠይቁት። ሞቃ እያለች የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ክፈቱ፤ ጢስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጠዋት ነጭ ሆኖ ሲሞቅ የሚጠፋ ካንዴሌታ ወይም ኖዝል ሊሆን ይችላል፤ የማይጠፋና ውሃ የሚያጎድል ከሆነ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ነው።

ጥቁሩ ጭስ ላይ ሰው ይሳሳታል። ጎንደር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል፤ ጨነቅ ላይ ከሦስት አንድ እጅ በላይ። ናፍጣው ያው ነው፣ አየሩ ግን የለም። የእኔን መኪና መተማ በኩል ያሠራት ሰው «ጉልበት ትጨምር» ብሎ የናፍጣ ፓምፑን ቪቴ (ማስተካከያ ብሎን) ከፍቶታል። ቆላ ላይ ሳይታወቅ ኖሮ ሳንቃበር ዳገት ላይ ከኋላዬ መንገዱ ጠፋ። ፓምፑን የሚለካ መሣሪያ ያለው ቤት ወስዳችሁ አስተካክሉት፤ በጆሮ አይስተካከልም።

የታይሚንግ ቺንጋውን ያለ ጥያቄ ቀይሩ። በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል ይላል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ደግሞ ቆማ ነበር። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮላና ፒስቶን ይገናኛሉ፤ ያን ቀን ሞተር ገዝታችኋል።

ቱርቦ እንጨምርባት የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እምቢ ብያለሁ። ይህ ሞተር ያለ ቱርቦ የተሠራ ነው፤ ሙቀቱን የሚሸከምበት ዳገት ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ ነው። ቢበላሽ ደግሞ ዕቃውን ጎንደር አላገኘውም። ይህ የማሻሻያ ሁሉ መለኪያዬ ነው፤ ደባርቅ ላይ ብትሰበር ባለ ሱቅ ስሙን ያውቀዋል ወይ?

የጨመርኩትና የቀነስኩት

የቀነስኩት ይበልጣል። ከኋላ ባሌስትራ ውስጥ ከአይሱዙ የተወሰዱ ሁለት ቅጠሎች ተጨምረው ነበር፤ አውጥቼ ሸጥኳቸው። አህያ ጋሪ የነበረችው መኪና ሆነች። ጣራ ላይ ያለውን የአንግል ብረት ፖርቶመጋላም (የዕቃ መጫኛ) አወረድኩ፤ ብቻውን ሁለት ሰው ይከብዳል።

ጎማዋ 7.50 በ16 ነበር፣ ቸርኬው ቀለበት ያለው። የዚህ ዓይነቱን ቸርኬ ቤት ውስጥ አትንፉ። ቀለበቱ በዝገት በደንብ ካልተቀመጠ ሲነፋ እንደ ጥይት ይወረወራል፤ ሰው ገድሏል። እኔ ቀለበት ወደሌለው ቸርኬና 235/85 በ16 ጎማ ቀየርኩ። ቁመቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ብቻ ከፍ ስለሚል ከድሮው ብዙም አይለይም፤ ፍጥነት ቆጣሪውም አይዋሽም።

አየር መሳቢያውን በፊት መስታወቱ ጎን ወደ ጣራ አወጣሁት። ለወንዝ አይደለም። ከፊት የሚሄድ አይሱዙ የሚያነሳውን አቧራ ከላይ ሆና እንድታልፈው ነው። ፊልትሮውን ስትቀይሩ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን በጣታችሁ ጥረጉ። ጣታችሁ ቀይ አፈር ይዞ ከወጣ ያ አፈር ሞተር ውስጥም ገብቷል፤ የላላ ማሰሪያ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ አለ።

ቀለም መጨረሻ ነው፣ አጭርም ነው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ጠል ከደረቀ በኋላ፣ ከነፋስ በፊት፤ እኛ ጋ ከረፋዱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት ማለት ነው። መሬቱን ውሃ ረጭታችሁ አቧራውን አስተኙ። ሁለት ዓይነት ተደባልቆ የሚደርቀውን ቀለም የምትረጩ ከሆነ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ ደህና ፊልተር ያለው አድርጉ። ሊብሬው ላይ ካለው የተለየ ቀለም ከመረጣችሁ ከመርጨታችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። እኔ በነጭ ገዝቼ በነጭ ቀባሁ።

አንድ ያልፈታሁት «ለጊዜው» አለ። የቀኙ በር መስታወት ማውረጃ እጀታ የለውም፤ ስገዛት ጀምሮ በፒንሳ ነው የሚወርደው፣ ፒንሳዋም በሩ ኪስ ውስጥ ትኖራለች። አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ሲገኝ እጀታውን ከሶማሌ ተራ አስመጣሁት። ልገጥመው ስል ግን አልያዘም። ፒንሳዋ በዓመታት ብዛት ዘንጉ ላይ ያሉትን ጥርሶች ልጣ ጨርሳቸዋለች። አሁን የሚያስፈልገው መስታወት ማንሻው ከነሙሉ አካሉ ነው፤ እስኪመጣ እጀታው መሳቢያ ውስጥ፣ ፒንሳዋ በሩ ኪስ ውስጥ ናቸው።